በጨርቅ የተሰፋው ዕቃ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ ለድንቡሼ፣

ጤናህን፣ እንቅልፍህን፣ ያን የማይለቅህን ጉንፋን ሳይቀር እጠይቃለሁ። እኔ ቤቴ ገብቻለሁ። የስፌት መኪናዬን ዘይት አጠጥቻታለሁ፤ የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ትዕዛዝም መጥቶ ወንበሩን ሁሉ ሞልቶታል።

በስልክ «መንገዱ ጥሩ ነበር» ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። እህትህ አጠገቤ ስለቆመች ነው እንደዚያ ያልኩህ። አሁን ሥራ ሄዳለች፤ እስክትመለስ የሆነውን አንድ በአንድ እጽፍልሃለሁ። አንተም ብቻህን ሆነህ አንብበው።

በመጀመሪያ እዚያ በሰው አገር አንተ ዘንድ የነበርኩበትን የመጨረሻ ሳምንት በእኔ ዓይን ልንገርህ። ከእህትህ ጋር በስልክ ስታወራ እኔ ከገባሁ ድምፅህ ይወርዳል። «እሺ፣ እሺ፣ በኋላ» ትልና ትዘጋለህ። ሐኪሙ ዘንድ የወሰድከኝ ዕለት እኔን ውጭ አስቀምጠህ ብቻህን ተመልሰህ ገባህና ብዙ ቆየህ። «ምን አለ?» ስልህ «ድካም ነው እማ፣ ዕድሜ ነው» አልከኝ። ዓይንህ ቀልቶ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ሥራ ሄድኩ ብለህ ወጣህ፤ በመስኮት ብቅ ብል መንገድ ማዶ ከማላውቀው ሰው ጋር ቆመሃል። ሰውየው አረንጓዴ ፌስታል ሰጠህ። አንተ ግራ ቀኝ አይተህ ኮትህ ውስጥ ሸጎጥከው።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አልተመለሰም። ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ሆነህ ስትሠራ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ፖሊሱ ቦርሳህን ይዞ እቤታችን ድረስ ሲመጣ «ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ ከሆነ ይቺ እጄ ትቆረጥ!» ብዬ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ማልኩ። ቦርሳው ሲከፈት አርባ የተሰረቀ ስልክ ተዘረገፈ። «የሰው አደራ ነው፣ ምን እንዳለበት አላውቅም» አልክ፤ እውነትህን እንደነበረ ኋላ ተረጋገጠ። ግን አራት ወር ታሠርክ። እጄ አልተቆረጠም፤ አንገቴ ግን ተደፋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?

እና የተነሳሁ ዕለት ጠዋት ያን ጡብ የሚያህል ዕቃ ስትሰጠኝ ገና ስቀበልህ አገላብጬ አየሁት። በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ ዙሪያውን በድርብ ክር ሰፍተኸዋል። ያውም በእኔ በራሴ ስፌት፣ ልጅ ሳለህ ባስተማርኩህ።

«ለእህቴ ስጫት። ከእጅሽ እንዳትለዪው፣ ሻንጣ ውስጥም እንዳትከቺው።»

«ምንድን ነው?»

«ዕቃ ነዋ እማ!»

«ዕቃ መሆኑንማ አየሁት። ምን ዕቃ?»

«አንቺ ደግሞ! እሷ ታውቀዋለች።» ብለህ ግንባሬን ሳምከኝ። በፕላስተር ብታሽገው እንደምከፍተው ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው የሰፋኸው። ይህ ብቻውን በቂ ነበር ለመጠርጠር።

መሐል ላይ አውሮፕላን የሚቀየርበትን ያን ትልቁን አየር ማረፊያ አንተ እንደ ጓዳህ ታውቀዋለህ። እኔ ከአውሮፕላን ስወርድ የገባሁት ግን ከተማ ውስጥ ነው፤ ጣሪያ ያለው ከተማ። ሱቁ በሱቅ ላይ፣ መስታወቱ በመስታወት ላይ፣ ሰዉ ሁሉ አንድ ነገር የሰረቀ ይመስል ይሮጣል። የጻፍክልኝን ወረቀት እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። «ቢጫውን ቀስት ተከተይ፣ ቁጥርሽን ሰሌዳው ላይ እዪ፣ ለማንም ምንም እንዳትሰጪ።» ይህ የመጨረሻው ምክርህ ራሱ አላስደሰተኝም። የሚሰርቀኝን ነው የፈራው ወይስ የሚፈትሸኝን? አልኩ በሆዴ።

ወለሉ ራሱ የሚሄድበት ቦታ ደርሼ ቆምኩ። ሰው ቆሞ እያለ ይሄዳል! እግሬን ላስቀድም ስል አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ የመጣ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ክንዴን ያዘኝ።

«ቀስ ይበሉ እናቴ። ቦርሳዎን ልያዝልዎት?»

«ተወው፣ ቀላል ነው።»

«ወደየትኛው በር ነዎት?»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ የውሸት ቁጥር ነገርኩት። አርባ ሁለት ሆኖ ሳለ ዘጠኝ አልኩት። ሰውዬው ደግ ሆኖ አረፈው! «እንግዲያው ብቻዎን አይሄዱም» ብሎ ከነሻንጣው አዙሮ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ሸኘኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። እዚያም አስቀመጠኝ፣ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ፣ «በሰላም ይግቡ» ብሎ ሄደ። እኔ ጀርባውን እስካጣ ጠብቄ ያንኑ መንገድ ብቻዬን ተመለስኩ። ውሃውን እንኳ አልጠጣሁትም፤ ክዳኑ የተከፈተ መሰለኝ።

አርባ ሁለት ስደርስ ደግሞ በሩ ተቀይሯል። ሌላ ሕንፃ ነው፤ በባቡር ነው የሚኬደው፤ ከባቡሩ በፊትም ሌላ ፍተሻ አለ። ቦርሳዬ መሣሪያው ሆድ ውስጥ ገባና አልወጣ አለ። ወደኋላ መለሱት፣ ደግመው አስገቡት። ከዚያ አንድ ወጣት ፈታሽ ያንን የጨርቅ ጥቅልል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ።

ያ የመናኸሪያው ፖሊስ፣ ያ ቦርሳ፣ ያ የጎረቤት ዓይን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

የሚለው አይገባኝም። የምለው አይገባውም። በመጨረሻ ከወዲያ ማዶ ወለል የምታጸዳ አንዲት ሴት ጠሩ። መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣችና በእኛው ቋንቋ «አይዞዎት እናቴ፣ የሚጠይቁትን እነግርዎታለሁ» አለችኝ። እሷንም ጠረጠርኳት። የእኛን ቋንቋ የምታውቅ ሴት ልክ በዚያች ሰዓት ከየት ተገኘች?

«ውስጡ ምንድን ነው ይላል።»

«አላውቅም።»

«ማን ሰጠዎት?»

እዚህ ላይ ነው ልጄ ይቅርታ የምጠይቅህ። «የራሴ ነው» ማለት እችል ነበር። «ጨርቅ ነው፣ ሰፊ ነኝ» ማለት እችል ነበር። እናት ያን ትላለች። እኔ ግን «ልጄ ነው የሰጠኝ። እንዳልከፍተው ብሎ ሰፍቶ» አልኩ።

ፈታሹ ይህን ሲሰማ ሌላ ሰው ጠራ። ትልቁ አለቃቸው መጣ፣ ጠና ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ። አንዲት ጥያቄ ጠየቀ። ሴትዮዋ ለመተርጎም አፈረች።

«ምን አለ?»

«ልጅዎን ያምኑታል ወይ ይላል።»

አንዴ ምዬ ነበር እኮ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ አንተን ከማኅፀኔ ከማውጣት የረዘመ ነው የመሰለኝ። ከዚያ «ክፈቱት» አልኩ።

በምላጭ ቀደዱት። ሦስት ትንንሽ ካርቶን መድኃኒት ወጣ። በአረንጓዴ ፌስታል ተጠቅልሎ፤ ያው በመስኮት ያየሁት ፌስታል፣ የመድኃኒት ቤት ምልክት ያለበት። ከዚያ የሐኪም ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ በላዩም የእኔው ሙሉ ስም። ከዚያ ያልተለጠፈ ፖስታ፤ «ለእህቴ፣ በእጇ» ይላል በአንተ ጽሕፈት።

ደስ አለኝ! እመነኝ፣ የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ነው። ልጄ ሌባ አይደለም፣ ልጄ ደላላ አይደለም፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሽማግሌው አለቃ ግን የሐኪሙን ወረቀት ቆሞ አነበበ። እስከ ታች። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ወንበር ስቦ አምጥቶ በሁለት እጁ ያዘልኝ። ወጣቱንም አንድ ነገር ተናገረው፤ ልጁ ሮጦ ውሃ ይዞልኝ መጣ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ በመሐረብ እንደሚጠርግ ሰው በቀስታ መልሰው ደረደሯቸው።

ልጄ፣ ፖሊስ ሲቆጣኝ አውቃለሁ። ፖሊስ ሲንቀኝም አውቃለሁ። ፖሊስ ሳልለምነው እንዲህ ሲራራልኝ ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። የዚያን ሰው ደግነት ከፍተሻው ሁሉ ይልቅ ፈራሁት።

«ምን ይላል ወረቀቱ?» አልኳት ሴትዮዋን።

ጎንበስ ብላ አየችው። «ቫይታሚን ነው እናቴ። ለአቅም።»

«ታነቢዋለሽ?»

«አዎ። ቫይታሚን ነው።»

«ቫይታሚን ከሆነ ምን ያስለቅስሻል?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች። እንዳንተው። ሰው ሁሉ ጉንፋን ይዞታል ዘንድሮ።

ጥቅልሉን አቅፋልኝ በባቡሩ እስከ መጨረሻው በር ሸኘችኝ፤ በሥራ ሰዓቷ። ስንለያይ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ስማኝ ሄደች። የእሷን እንኳ ስም አልጠየቅኩም። ስጠረጥራት ቆይቼ ስሟን መጠየቅ አፈርኩ።

አውሮፕላኑ እስኪጠራ አንድ ሰዓት ነበረኝ። ከኮሌታዬ ሥር መርፌ እንደማይጠፋ ታውቃለህ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ቁጭ ብዬ የተቀደደውን መልሼ ሰፋሁት፤ አንተ በሰፋኸው ቀዳዳ ላይ፣ አንተ ባጠበቅከው ልክ። እህትህ እጅግ ዓይነ ስል ናት፤ ግን አላወቀችም።

ስለ ደብዳቤው እንዳታስብ። የሰው ደብዳቤ እንደማላነብ ታውቃለህ። ክፍት ስለነበር «እህቴ ሆይ፣ ለእማ እንዳትነግሪያት» የምትለዋን አንዲት መስመር ብቻ ዓይኔ ጣል አድርጎባት አጠፍኩት። ሌላውን አላየሁም። ብቻ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሐኪሙ የሰጣት ጊዜ» ያልክበት ቦታ ቀለሙ ፈስሷል፤ እንባ ሲወርድብህ ወረቀቱን ራቅ ማድረግ ነው እንጂ እንዲህ አይደረግም። «አጭር» የሚለውን ቃልም ሁለት ጊዜ ሰርዘህ ሁለት ጊዜ መልሰህ ጽፈኸዋል። አንዴ ብትጽፈው ይበቃ ነበር።

እህትህ አሁን በየጠዋቱ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ክኒን ታስቀምጥልኛለች። «ቫይታሚን ነው እማ፣ ድንቡሼ የላከልሽ» ትላለች ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። እኔም «አበጀህ በይልኝ፣ አቅሜ እየተመለሰ ነው» እላታለሁ። ትንሽ ፈገግ ትላለች። ያቺ ፈገግታ ስላለች ነው የማልነግራት። አንተም እንዳትነግርብኝ። እሷ እኔን የምትጠብቀኝ አለማወቄን አምና ነው፤ ይህን ብወስድባት ምን ይቀራታል? እናንተ ከእኔ ደብቃችሁ ታለቅሳላችሁ፣ እኔ ከእናንተ ደብቄ ክኒን እውጣለሁ። ቤተሰብ ማለት እንዲህ ነው መሰለኝ።

ይቅር በለኝ። ያኔ መማል በማይገባኝ ቀን ማልኩ፤ አሁን መማል በሚገባኝ ቀን ዝም አልኩ። ያ ሽማግሌ ዛሬ መጥቶ ቢጠይቀኝ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ክፉ ዓይን አይይህ። የወጣህበት ሥራ ይቅናህ፣ የረገጥከው መሬት ይሸከምህ፣ የምታገባትም ሴት ትሁን የምትጎራበተው ጎረቤት ይሁን እንደዚያች ባለ መጥረጊያ ሴት ያለ ልብ ይኑረው። በቀዝቃዛ ውሃ አትታጠብ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ስንለያይ «የዓመት ፈቃዴን ለሚቀጥለው ዓመት አድርጌዋለሁ፣ ያኔ መጥቼ ብዙ እቆያለሁ» ብለኸኝ ነበር። አለቃህን አነጋግረውና ለዘንድሮ አድርገው።

የምትወድህ እናትህ፣
ሰፊዋ