ከሻርፔ ስር የቀዳሁት ዚክሪ

ሐሙስ፣ መጋቢት 17
ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት እናቴ ወደ ጫት ተራ፣ እኔ ወደ አዴ ዘይቱና ቤት፣ ሴቶች በየሐሙሱ አላህን በዜማ ወደሚያወድሱበት ዚክሪ። እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ካልጠሩኝ አልናገርም። ማንም አልጠራኝም።

አዴ ዘይቱና ዚክሪውን የተማሩት ከአባታቸው የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ነው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ በቃል ይመራሉ። ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ የልጃቸው ሚስት ረዲያ ከበሮ ትመታለች። በኦሮምኛ ነው። አንዱ ስንኝ፣ "ከጎረቤቴ ብደብቀው ካንተ የት እወስደዋለሁ" ይላል። በአማርኛ ስጽፈው እንደዛ አያምርም። ስሰማው ግን ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ያገኘ ይመስለኛል... ክፉ ሰው መሆን የማልችል ይመስለኛል።

ድገሙልኝ ማለት አፈርኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያየኝ? ስልኬን ከሻርፔ ስር አድርጌ ቀዳሁት። ቤት ሆኜ ላጠናው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19
መናኸሪያው ፊት ለፊት ዘፈን የሚጭነው ታጁዲን ጋ የስልኬን ሚሞሪ ካርድ ወሰድኩ፣ መንዙማ እንዲጭንልኝ። "ወረፋ አለ፣ ትተሽው ሂጂ" አለኝ። ከሰዓት ተቀበልኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 28
አዴ ዘይቱና ከሂርና ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ።

ሹፌሩ ከፍ አድርጎ ከፍቶታል። ወንዶቹ ጫታቸውን እየቃሙ ያጨበጭባሉ። አንዱ፣ "ይቺ ሴትዮ በወጣትነቷ እንዴት ነበረች ይሆን?" ብሎ አሳቃቸው አሉ። እሳቸው ፊታቸውን ሸፍነው ጥግ ላይ ነበሩ። መንገድ ላይ ወርደው የቀረውን በእግራቸው መጡ።

ሴቶቹ በር ዘግተው ነው የሚሉት። ለወንድ ጆሮ አይደለም። ይሄን ማንም አልነገረኝም ማለት አልችልም።

ሚሞሪዬ ግማሽ ቀን ታጁዲን ጋ ነበር... ለሹፌሮቹም የሚጭነው እሱ ነው። ሌላ ከየት ይመጣል?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1
ዛሬ ዚክሪ አልተባለም።

"ከመሃላችን ነው" አሉ። ቅመም የምትሸጠው ሶፊ ረዲያን እያየች፣ "ደህና ስልክ ያላት አንድ ሰው ነች" አለች።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም" አለች ረዲያ።

"ታዲያ ከበሮው ነው የቀዳው?"

ሳቁ። ወደ በሩ ማንም አላየም። የኔ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ የኔ ነገር ማንን ያሳስባል? አዴ ዘይቱና፣ "ከእንግዲህ በቤቴ ዚክሪ የለም" አሉ። ከዛ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ "የቤታችንን ገመና ያወጣውን አሳየን።"

ሁሉም አሚን አሉ። እኔም አሚን አልኩ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 11
የአዴ ዘይቱና ልጅ ሙሐመድአሚን ሚስቱን ቦርደዴ ቤተሰቦቿ ጋ መለሳት። "እናቴን ያዋረደች ቤቴ አትኖርም" ብሏል። ረዲያን መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ሻንጣ ይዛ። አቀፈችኝ።

"ሀሚዳዬ፣ ደህና ሁኚ። ክፉ ያልተናገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"

እንዴት ቆሜ ሰማሁ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12
አጠፋሁት። ከኔ ስልክ ጠፋ። ከመኪናዎቹ አልጠፋም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26
አዴ ዘይቱና ለሐጅ ሊሄዱ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው ቤት ለቤት እየዞሩ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላሉ። እኛም ቤት መጡ። እናቴን ጨርሰው እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሳላውቅ አስቀይሜሽ ከሆነ አውፍ በይኝ።"

"አውፍ ብያለሁ፣ አዴ።"

እኔ ለሳቸው አውፍ አልኩ። እኔ...

ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው አባታቸው ከኪታቡ ያነብላቸው የነበረውን ታሪክ አወሩን። አንድ ውሃ ቀጂ ነበር። ለአንዲት አሮጊት ከምንጭ የቀዳው ውሃ መንገድ ላይ ቢፈስበት፣ ከቅርብ ኩሬ ድፍርስ ሞልቶ ሰጣት። አሮጊቷ ምንጩ ደፈረሰ ብላ ምንጩን ረገመች። እሱ ሌሊቱን አልተኛም። ሲነጋ ሄዶ፣ "ምንጩ ንጹሕ ነው፣ የደፈረስኩት እኔ ነኝ" አላት።

"ከዛስ?" አለች እናቴ።

"ከዛማ ተኛ" አሉ። ሳቁ። እኔን አላዩኝም። ያዩኝ መሰለኝ እንጂ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27
ውሃ ቀጂው በማግስቱ ነው የሄደው። እኔ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 3
ለአዴ ዘይቱና ነገርኳቸው። ሻንጣቸውን እያሰሩ ነበር፣ ብቻቸውን።

"ረዲያ አይደለችም። እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ተናገርኩ፣ ሻርፑንም፣ ሚሞሪውንም። ሻንጣውን ትተው ተቀመጡ።

"ለምን ቀዳሽው?"

"ስለምወደው።"

"ድገሙልኝ ብትይኝ እምቢ እል ነበር?"

"አፈርኩ።"

"ወይ ልጄ..." አሉ። "ለኔ ያደረግሽውን አውፍ ብያለሁ። ያቺን ልጅ ግን በአፌ ያስባረርኳት እኔ ነኝ። ይሄን ተሸክሜ ካዕባ ፊት አልቆምም። ነገ መኪናው በቦርደዴ ያልፋል። አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4
ቦርደዴ ይሞቃል። ረዲያ ከእናቷ ሱቅ ወጣች። አዴ ዘይቱና ጉልበቷን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ ቀድማ አቀፈቻቸው። "አውፍ ብያለሁ፣ በሰላም ይመለሱ" አለች እያለቀሰች። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ሄዱ።

ሁለታችን ቀረን።

"አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ያን ቀን አሚን ስትይ ሰምቼሻለሁ። ለኔ አዝነሽ መስሎኝ ነበር።"

"አውፍ በይኝ።"

"እሳቸው አላወቁም ነበር። አንቺ እያወቅሽ ነው።" ውሃ አመጣችልኝ፣ እስክጠጣ ቆመች። "አልችልም፣ ሀሚዳ። ውሸት ልንገርሽ?"

"አይ።"

ብቻዬን ወደ ጭሮ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13
ሙሐመድአሚን ሁለቴ ቦርደዴ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። አልመጣም ብላዋለች። እውነቱን መናገር ሁሉን የሚመልስ መስሎኝ ነበር።

አዴ ዘይቱና ከመሄዳቸው በፊት ዚክሪው እንዲቀጥል ለሶፊ ነግረዋት ነበር። ዛሬ ሶፊ ቤት ተሰበሰብን። ነገሩን ሁሉም ሰምቷል፣ እናቴ ቅሪ አለችኝ። ሄድኩ።

"ዝምተኛዋ መጣች" አለች ሶፊ። "ስልክሽን እበር ላይ አስቀምጪ።" አስቀመጥኩ። ሳቁ፣ ከዛ መሳቃቸውን አቆሙ። ዚክሪ ጀመሩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠፋባቸው።

"አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል?" አለች ሶፊ። አሁን የምትቀልድ አትመስልም። "በይ ምሪው።"

"ረዲያ ሳትመጣ አልመራም።" ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ባትመጣስ?"

"እንጃ... ስንኙን ልንገርሽና አንቺ ምሪው።"

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። በየስንኙ መጀመሪያ በጆሮዋ እነግራታለሁ፣ እሷ ታነሳለች፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እቀበላለሁ። ሲያዩኝ አንገቴን አልደፋሁም ማለት አልችልም። ደፋሁ። ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።