ልቤ ልክ በመታ ቀን

ለምወድዎት ወንድሜ ለጋሼ አዝመራው፣ ካሉበት ሐዋሳ ይድረስ።

እንደምን ከርመዋል? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ጤናው እንዴት ይዞዎታል? እትዬ አምሳለስ ደህና ናቸው? ቤዛዊትስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም። በስልክ ልነግርዎት ብሞክር ኔትወርኩ ከመሃል እየቆረጠ አስቸገረኝ፤ ስለዚህ ስፌቱን ትቼ ወረቀት ያዝሁ።

ጋሼ፣ ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ልቤ ድንገት ይነሣና ይንደቀደቃል፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ የቆመ ይመስላል። እዚሁ ዳንግላ ጤና ጣቢያ ብታይ "ጨጓራ ነው" ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ። አልተወኝም። እንጅባራ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ፤ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው አነሡኝና "የልብ ምትሽ ተዛብቷል" ብለው የልብ ኪኒንና ደም ማቅጠኛ አዘዙልኝ። ተሻለኝ። በወሩ ለክትትል ስመለስ ያ ሐኪም የለም፤ የተተካው ሰው እንደገና ቢያነሣኝ ምቴ ልክ ሆነ። "ጤነኛ ነሽ፤ ይህን ሁሉ መድኃኒት ማን ቆለለብሽ? ጭንቀት ነው፣ አቁሚው" አለኝ። ደስ ብሎኝ አቆምሁ። ባለቤቴ ይሄነውም "እኔስ ምን አልሁሽ?" እያለ ሳቀብኝ።

ሦስት ሳምንት አልቆየም። የሙሽራ ቀሚስ እየቆረጥሁ ሳለ ቀኝ እጄ መቀሱን ለቀቀው። ይሄነውን ልጥራ ብል ምላሴ ተሳሰረ። ተሸክሞ በጋሪ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ እንጅባራ አደረሰኝ። መንገድ ላይ እጄ ተፈታልኝ፣ አፌም ተመለሰ። ሆስፒታል የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም "ማቅጠኛውን ለምን አቆምሽ?" ብላ ስትቆጣ፣ ጋሼ፣ ትዕግሥቴ አለቀ። "አቁሚ ያላችሁኝ እናንተው! አንዱ ዋጪ ይላል፣ አንዱ ጣይ ይላል፤ የማንን ቃል ልያዝ?" ብዬ ወረቀቶቼን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኋቸው። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እውነትሽን ነው። ይህ ሕመም መጥቶ ይሄዳል፤ ልብሽ ልክ በመታ ቀን ድነሻል ማለት አይደለም። የረጋ ደም ወደ አንጎልሽ ሄዶ ነበር" አለችኝ። መድኃኒቱን በአንድ ገጽ ጽፋ የስልክ ቁጥሯን ከሥሩ አኖረች፤ "ማንም ልለውጥ ቢል አስቀድሞ ይደውልልኝ" አለች።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ብሄድ ሌላ ሐኪም ደግሞ መድኃኒቱን ልቀንስልሽ ብሎ እስክሪብቶ አነሣ። "መጀመሪያ እዚህ ይደውሉ" አልሁት። ፊቱን አጠቆረብኝ፤ ግን ደወለ። ተነጋግረው እንዳለ ተወው። እኔ እንዲህ ደፋር ነበርሁ? ሆኖም እረፍት የለኝም፤ ቁጭ ባልሁበት ሁሉ ጣቴ የደም ሥሬን ይዞ ይቆጥራል።

የጻፍሁልዎት ግን ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም። ሐኪሟ ስለ ቤተሰብ ስትጠይቀኝ አባታችን ዐውድማ ላይ በቁሙ ወድቆ እንደ ቀረ ነገርኋት። "ወንድም እህትስ አለሽ?" አለችኝ። እርስዎ ባለፈው ፋሲካ "ደረቴ ውስጥ ዓሣ ይገላበጣል" ብለው የሳቁት ትዝ አለኝና ክው አልሁ። ጋሼ፣ ይታዩ። ልብዎ በተንደቀደቀበት ሰዓት ሮጠው ይሂዱ። ረገብ ባለ ቀን "ጤነኛ ነዎት" ቢሉዎት እሺ ብለው አይመለሱ። ይህን ደብዳቤ እትዬ አምሳለ ያንብቡት፤ እርስዎ ኪስዎ ከተው እንደሚረሱት አውቃለሁ።

ለእትዬ አምሳለ እጅ እነሣለሁ፤ የቤዛዊትን ጉንጮች ይሳሙልኝ። ይሄነው አብዝቶ ሰላም ይላል፤ መሳቁንም ትቷል። እናታችን መርቃዎታለች፤ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልሰማችምና ሲደውሉ እንዳያመልጥዎት። የልብዎን ምርመራ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ እስኪደርሰኝ ስልኬን ከእጄ አላወርድም።

እህትዎ ደጊቱ
ዳንግላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.