ቃጫና ሙጫ

ዲላ፣ መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምህ? ጤናህስ? እኔ ወገቤን ከሚይዘኝና ከናፍቆትህ በቀር፣ ክብር ለመድኃኔዓለም፣ ደህና ነኝ። ዝናቡ ገብቷል። እናትህ የተከለችው እንሰት መስኮቱን አልፎ ጣሪያ ሊነካ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል።

ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው። እግር ሠራሁ። አዎ፣ አምስተኛ ክፍልን ያልጨረሰው የቡና ማጠቢያ መካኒክ አባትህ፣ ሰው የሚሄድበት እግር ሠራሁ።

ሾፌሩን ሙሐዲንን አትረሳውም፤ ጪጩ መታጠፊያ ላይ መኪናው ተገልብጦ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲለክፍ ይውላል። ክራንቹን አይወደውም፤ «ከራዚያ ይልቅ ይሄ ብብቴ ሥር ይውላል» እያለ ሚስቱን ያስቃታል።

ጥር ላይ ኮንጋ ያለው ማጠቢያችን ወቅቱ አልቆ ሲዘጋ፣ በርሜል ውስጥ ትንሽ ሙጫ ተርፎ አየሁ። ለመፈልፈያው ማሽን ክዳን ሊሠራልን የመጣው የውጭ አገር ባለሙያ የተወው ነው። ያን ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ሥራውን አይቻለሁ። ሁለት ግማሽ ፎርማ ይገጥማል፤ በመካከላቸው የመስታወት ክር ያነጥፋል፤ ከዘጋው በኋላ ማጠንከሪያ የገባበትን ሙጫ በግፊት ይሰድበታል። ክሩ ሙጫውን ይጠጣና አብረው ድንጋይ ይሆናሉ። ኃላፊያችን «ዘንድሮ ካልተሠራበት ይበላሻል፣ ውሰደው» አለኝ። ለሁለት እግር ቢበቃ ነው።

በዚያው ሰሞን ጓደኛህ ተሻለ ከዘመታችሁበት ግንባር ለዕረፍት መጥቶ ሊጠይቀኝ ጎራ አለ። ስለ አንተ ስጠይቀው እግሬን እግሬን እያየ «ደህና ነው» አለኝ። ያቀረብኩለትን ሻይ ሳይጨርስ ተነሣ። እኔም በማግስቱ ለእግር ፎርማ የሚሆን ጀሶ ልገዛ ወጣሁ።

የመስታወቱ ክር አልቆ ስለነበር የእንሰት ቃጫ ይሁን አልኩ። ጪጩ ገበያ ቃጫ የምትሸጠዋ ቆንጅት፣ ለምን እንደሆነ ስነግራት፣ «በሬ አስሮ የማይበጠስ ለሰው ምን ያንሰዋል? ግን ፀሐይ ይጠጣ፤ እርጥብ ቃጫ ይዋሻል» አለችኝ።

የመጀመሪያው አልሆነም። ጠብታ እንዳይፈስብኝ ብዬ ፎርማውን ዙሪያውን በሰም ደፍኜ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ ሙጫውን ግራሶ በምንገፋበት ፓምፕ ሰደድኩት። ስከፍተው ባቱ ላይ ቃጫው ነጭ እንደሆነ ቀርቷል፤ ሙጫ አልደረሰውም። ሙሐዲን «ልሞክረው» ብሎ ቆመበት። ቀጭ አለና ተሰነጠቀ። እኔ አፈርኩ። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ «አይዞን ጋሼ! ይሄ እግሬ ሲሰበር ሁለተኛው ነው፤ ያሁኑ ግን ምንም አላመመኝ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ስብርባሪውን አገላብጦ አየና፣ «የናፍጣ መስመር አየር ሲይዝ ምን እናደርጋለን? ከላይ ያለችውን ብሎን ላላ አድርገን እናስወጣለን። አንተ አየሩን ቆልፈህበት ሙጫው በየት ይግባ?» አለኝ።

ልጄ፣ ይህች ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። እናትህ ያረፈች ጊዜ እኔም እንደዚያ ፎርማ ራሴን ደፍኜ ነበር የቆምኩት። አንተ ፊት አንዲት ቀን አላለቀስኩም፤ ጥንካሬ መስሎኝ። ለካ ላንተም መተንፈሻ አልተውኩልህም። ዝምታን ከእኔ ተማርክ። ይህንን ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።

ለሁለተኛው ቃጫውን ሦስት ቀን ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ለፎርማው ከታች መግቢያ፣ ከላይ መውጫ በሳሁለት። አማትቤ ጀመርኩ። የመጨረሻዋ ሙጫ ናት። ከላይኛው ቀዳዳ መጀመሪያ አየር ወጣ፣ ቀጥሎ አረፋ፤ በኋላ እንደ ማር የጠራ ሙጫ ተንጠባጠበ። ያኔ ሁለቱንም ደፈንኩ። ፎርማው በራሱ ጊዜ ሞቀ፤ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር እጄን ጭኜበት ቆየሁ።

መርገጫውን ከዋንዛ እንጨት ጠርቤ ገጠምኩለትና ቅዳሜ ኮንጋ ወሰድኩት። ከማጠቢያው ቦይ እስከ መኪናው መንገድ ያለውን ዳገት ታውቀዋለህ። ያለ ክራንች ወጣው! ራዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። እሱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ «ኑ እዩ! የፊተኛው እንኳ እንዲህ አይታዘዘኝም ነበር። ደግሞ እንሰት ነው፣ ከራበኝ እበላዋለሁ!» እያለ ሕዝቡን ይጠራል። እሱ አላህን፣ እኔ መድኃኔዓለምን እያመሰገንን ተቃቅፈን አለቀስን። አዎ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ይኸው ሦስት ሳምንቱ፤ ስንጥቅ የለበትም። ለሙሐዲን ብቻ ብዬ እንዳልሠራሁት ግን እግዚአብሔር ያውቃል።

ኃላፊያችን ሌላ በርሜል ሙጫ አስመጥቶልኛል። ጀሶው ቤት ተቀምጧል፤ ቃጫውም ቆርቆሮው ላይ እየደረቀ ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤህ «ደህና ነኝ» እያልክ አታሳምርልኝ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች፤ ቀኝ ወይም ግራ።

የእናትህ አምላክ በመንገድህ ይቅደምልህ። ደጃፋችንን ለመርገጥ ያብቃህ።

አባትህ