ወንድምየው የት ገባ?

ውድ ወንድሜ ካርስተን፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ማረንስ ደህና ናት? ገና ያላየኋት ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች? የአላስካ ባሕርና የመርከቡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኔን ከጠየቅህ፣ ጠይቀህ ባታውቅም፣ አለሁ። ፀጉሬ እንደገና ረግፏል።

የላክህልኝ ልብ ወለድ ደርሶኛል። "እያለቀስኩ ጨረስኩት፤ አንቺን አስታወሰኝ" ያልክባትን ብጣሽ ወረቀትም አይቻለሁ። እኔም እዚሁ ሆስፒታል ተኝቼ አነበብኩት፤ አንጀቴ አረረ። ባለታሪኳ ልጅ እንደኔው የደም ካንሰር አለባት። ግን አያስመልሳትም፣ አፏ አይቆስልም፣ እናቷ ላይ አትጮህም። እየገረጣች ታምራለች። ፍቅረኛዋ ጊታሩን ይዞ ከአልጋዋ ግርጌ አይነቃነቅም። የእኔው ኮልተን አንድ ቀን መጣ፣ ያስመለስኩበትን ሳህን አየና "የሆኪ ልምምድ አለብኝ" ብሎ ላጥ አለ። እሱም መጽሐፉን ትምህርት ቤት አንብቦታል። በኋላ ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንቺ እኮ እንደሷ አይደለሽም፤ ነጋ ጠባ መነጫነጭ ነው!" "እሷን ጽፈዋት ነው፤ እኔ ታምሜ ነው" አልኩና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ታላቅ ወንድም አላት። ልክ እንደኛ፣ ክረምት በሐይቁ ላይ በረዶውን በስቶ ዓሣ ማጥመድ ያስተምራታል። ከዚያ ሥራ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል፤ ስሙም ዳግመኛ አይነሳም። ስትታመም የለም፣ ስትሞት የለም። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። ደራሲዋ ረስታዋለች። አንተ ያን ሁሉ ስታለቅስ ይሄ እንዴት አልታየህም?

እዚህ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ደወል ይደውላል፤ ቤተሰቡ ተሰልፎ ያጨበጭብለታል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን እኔ ደወሉን ስደውል "መርከቡ አይለቀኝም" ብለህ ቀረህ። ከዚያ በሽታው ተመለሰብኝ። ሲስተር ዋንዳን "ሁለቴ ይደወላል እንዴ?" ብላት፣ "አንቺ ብቻ ለዚያ ቀን ድረሺልኝ እንጂ ገመዱን እስክትበጥሺው ደውዪ፣ የኔ ቆንጆ!" አለችኝ። ሐኪሞቹ ለመጪው ፋሲካ እጨርስ ይሆናል ይላሉ። ላልደርስም እችላለሁ፤ እሱንም አልደበቁኝም። ስለዚህ ደወሉን አትጠብቅ።

እማዬ ትስምሃለች። አባዬ ስምህን አይጠራም፤ የበረዶ መቆፈሪያህን ግን ዘንድሮም ስሎ አስቀምጦልሃል። ማረንን ሰላም በልልኝ፣ ለትንሿም ስሜን አስተምርልኝ። መጽሐፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። ማልቀስ ሲያምርህ እሱን አንብብ፤ እኔን ማየት ካማረህ ግን ና።

እህትህ ብሪታ
ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ጃንዋሪ 19 ቀን 2019