ቲማቲምሽን ምን ላብላው?

ለውዷ ባለቤቴ ለብርቄ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? ስለ እኔ የጠየቅሽ እንደሆነ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መድኃኒቴንም ልጃችን ሰላም አጠገቤ እየቆመች ታስውጠኛለች። ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ፤ ነገ ሙት ዓመትሽ ነው። ሰላም ማድ ቤት ከጎረቤቶቿ ጋር ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እኔ ለሥራ ስለማልፈለግ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሻለሁ። እዚህ አብሮኝ ያለው ቲማቲምሽ ብቻ ነው፤ የምነግርሽም ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን የለም። አንቺ ከሄድሽ ከወራት በኋላ ሰፈሩ ለልማት ተነሣ፤ ሁሉም ዕቃውን ጭኖ ወደየደረሰበት ተበተነ። ሰላም ብቻህን የትም አትገባም ብላ ላንቻ ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ አመጣችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስወጣ መሃል ላይ አርፋለሁ። ታውቂኝ የለ፣ ደከመው እንዳይሉኝ ሰው ሲያልፍ ስልክ የማወራ እመስላለሁ።

የቲማቲም መደብሽ ግን ያለቀለት ከዚያም በፊት ነበር። ያረፍሽ ዕለት የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው ሲመጡ ግቢያችን ውስጥ ክፍት ቦታ ያለው እዚያ ብቻ ነበር። ካስማውን መደቡ መሃል መቱት። እኔ እያየሁ ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ስለ ቲማቲም አፉን ይከፍታል? ለቀስተኛው አግዳሚ ወንበር ዘርግቶ እላዩ ላይ ተቀመጠ። ያለቀሱልሽ ሁሉ ቲማቲምሽን ረግጠው ነው ያለቀሱልሽ። ድንኳኑ ሲነሣ ከአፈሩ ጋር የተለወሰ ቀይ ነገር ይታይ ነበር። ማየት አቃተኝና ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ክረምቱ ሲወጣ እዚያው ቦታ ላይ ሳላስበው በቀለ። የተረገጠው ፍሬ ዘሩን ጥሎ ኖሯል። ዕቃ ስንጭን ሁለቱን ችግኝ ከነአፈሩ አንሥቼ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይዤ መጣሁ፤ አንዱ መንገድ ላይ ተሰበረ፣ የተረፈው ይሄ ነው። ያን ቀን በልቤ አንድ ነገር ያዝኩ፤ ለሙት ዓመትሽ የሚቀርበው ሰላጣ ባንቺ ቲማቲም ይሠራል። ያረፍሽው በዐቢይ ጾም ስለሆነ ሙት ዓመትሽም ጾም ላይ ነው የሚውለው፤ የጾም ማዕድ ደግሞ ያለ ቲማቲም አይሆንም። ሰላም ገበያው ሞልቶት የለም ወይ ትለኛለች። ሞልቶታል፤ ያንቺ ግን አይደለም።

ችግሩ ምን ታበዪው እንደነበር አለማወቄ ነው። እኔ ቲማቲም የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ነበረሽ፤ የድንች ልጣጩም፣ የጎመን ቅጠሉም፣ አመዱም እዚያ ይገባል፤ ከወራት በኋላ ጥቁር አፈር ሆኖ በባልዲ ይወጣል። ከቢሮ ስመለስ «ገበሬዋ፣ ምርት እንዴት ነው?» እልሽ ነበር፤ አንቺም በአካፋው ታስፈራሪኝ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላሽን እንኳ ሳታወርጂ ወደ መደቡ ነበር የምትሄጂው። አንዱን ቀንጥሰሽ በነጠላሽ ጫፍ ጠረግ አድርገሽ ትሰጪኛለሽ፤ ግማሹን ገምጬ እመልስልሻለሁ፤ ትልቁን ገመጥክ ብለሽ ትቆጫለሽ። ያንን ቁጣሽን ዛሬ ባገኘው ምን አለ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈር ነገር፣ ማዳበሪያ ፍለጋ ወጣሁ። ዩሪያ ልግዛ ስል «የምበላውን በዱቄት አላሳድግም» ያልሽው ጆሮዬ ላይ አለ፤ እሱን ተውኩት። ለገሃር አካባቢ የእርሻ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ የተፈጥሮ ማዳበሪያ እንዳለ ስጠይቅ ሻጩ ስንት ሄክታር አለዎት አለኝ። አንድ ጀሪካን አልኩት። ሳቀ፤ ግን ደግ ሰው ነው፣ ያለውን ሁሉ አወጣልኝ። የዶሮ ኩስ በከረጢት አለ፤ በትል የተብላላ ኮምፖስት አለ፤ ውስጡ ምን እንዳለ የማይናገር ጠርሙስም አለ። የማላውቀውን አላበላውም ብዬ ጠርሙሱን መለስኩ። ኩሱን ገዛሁ። ምነው እጄን በሰበረው! ገና አልተብላላም ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ፤ ሽታው ደግሞ ከላይ ያሉትን ጎረቤቶች በረንዳቸው ላይ አላስቀምጥ አላቸው። ሰላም በየበሩ ይቅርታ ስትጠይቅ ዋለች፤ እኔ አፈሩን በሙሉ ዝቄ እንደገና ሞላሁት።

በኋላ ቂርቆስ ውስጥ ለውስጥ ላም የሚያረቡ ሴትዮ አገኘሁ። ጓሯቸው ያከማቹት ፍግ ከርሞ እበትነቱ ጠፍቶ አፈር አፈር ይሸታል። ጨብጬ አሸተትኩት፤ የባልዲሽ ሽታ ነው። ምርጫዬ ይሄ ነው አልኩ። በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «ፋዘር፣ ምን ይዘው ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለኝ፤ «ምሳ» አልኩት። ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

በዚያ ፍግ ቲማቲምሽ ተመነደገ፤ አበበ፣ አፈራ። ፍሬው ሊቀላ ሲል ግን ከታች በኩል እየጠቆረ ይበሰብስ ጀመር። አንዱን ቆርጬ ስጥል ሌላው ይጠቁራል። ብርቄ፣ ፈራሁ። አንቺ የተኛሽበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ የፈራሁትን ፍርሃት ነው የፈራሁት፤ ይሄም እያየሁት ሊሄድብኝ ነው አልኩ።

የአጥር ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ምትክ ቤት ከተማው ጫፍ ነው የደረሳቸው። ድምፄን ሲሰሙ መጀመሪያ አለቀሱ፤ ከዚያ የእንቁላል ቅርፊቱንስ ትሰጠዋለህ ወይ አሉኝ። ለካ አንቺ ቅርፊት ፈጭተሽ ከአፈሩ ጋር ትቀላቅዪ ነበር፤ ጾም ገብቶ እኛ ቤት እንቁላል ሲጠፋ ደግሞ እሳቸው የቤታቸውን አጠራቅመው በአጥሩ ላይ ያቀብሉሽ ነበር። ያን ፌስታል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሚጥሚጣ ምናምን ይመስለኝ ነበር።

አሁንም ጾም ነው፤ ወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ ሩቅ ናቸው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለ ቁርስ ቤት ገብቼ ቅርፊት እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኩ። አስተናጋጇ ለመድኃኒት መስሏት ምንም ሳትጠይቅ ታስቀምጥልኝ ጀመር። እያመጣሁ አጥባለሁ፣ ጋዜጣ ላይ አሰጣለሁ፤ ሰላም እንዳትስቅብኝ ብዬ ደግሞ ከአልጋዬ ሥር እደብቃለሁ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን ድንገት መጡ። ሰላም ሻይ አቅርባ ዓይኔን ሳታይ ወጣች። እሳቸው ስለ ሐዘን አወሩኝ፤ ሐዘን ሰውን እንደሚያደክም፣ እግዚአብሔር በታመመ ሽማግሌ ላይ እንደማይጨክን፣ የሐኪም ትእዛዝ ካለም ነግሮ ማስፈቀድ እንጂ መደበቅ ጥሩ እንዳልሆነ። እኔ ስለ ስኳር በሽታዬ የሚያወሩ መስሎኝ አሜን አሜን እላለሁ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንቁላሉን ከመቼ ጀምሮ ነው አሉኝ። ልጅሽ ከአልጋዬ ሥር ያን ሁሉ ቅርፊት አግኝታ፣ አባቴ ጾም ሽሮ ተደብቆ እንቁላል ይበላል ብላ ነው ያስጠራቻቸው!

ሳቅኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። እጃቸውን ይዤ ወደ በረንዳ ወሰድኳቸውና ጀሪካኑን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ አንቺም አንድ ጊዜ በጾም ቅርፊት መንካት ይከብድ እንደሆነ ጠይቀሻቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ «ልጄ፣ ቲማቲሙ አይጾምም» ብለው እንዳሰናበቱሽም። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። ስላንቺ የማውቀውን ሁሉ አውቄ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያልሰማሁት ቀርቶኛል። ሰላም በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ሦስታችንም አለቀስን።

ቅርፊቱን ፈጭቼ ባደርግለትም ቶሎ አልደረሰልኝም፤ አፈር ውስጥ እስኪሟሟ ጊዜ ይፈልጋል። ፍሬው መጥቆሩን ቀጠለ። ተቀምጬ ሳስበው ግን የጎደለው ማዳበሪያ ብቻ አልነበረም። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እኔም ሆድ ሲብሰኝ ከአልጋ አልነሣም፤ ረስቼው አፈሩ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ደንግጬ ባልዲ ሙሉ እገለብጥበታለሁ። አንድ ሰሞን ጥማት፣ አንድ ሰሞን ጎርፍ ነው ያኖርኩት። አንቺ ቢያምሽም፣ እንግዳ ቢኖርብሽም፣ ማታ ማታ ጎመን ያጠብሽበትን ውሃ በጣሳ ይዘሽ ትወጪ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ቢከፋኝም ባይከፋኝም ምሽት ላይ እነሣለሁ። ቀጥሎ የመጣው ፍሬ ንጹሕ ሆነ።

አሁን ቀልተው ከፊቴ አሉ። ብዙ አይደሉም፤ ለአንድ ሳህን ይበቃሉ። ከትልቁ ዘሩን አውጥቼ ወረቀት ላይ አስጥቻለሁ። የቀሩትን ነገ ራሴ እከትፋቸዋለሁ፤ ሰላም ቢላዋውን እንደማትነጥቀኝ ቃል ገብታለች። ለእንግዶቹ ምንም አልልም፤ ዝም ብለው ይብሉልሽ። ወይዘሮ ዘይነባ እመጣለሁ ብለዋል፤ ለእሳቸው ብቻ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ሰላም ነገ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ጸጉር ቤት ወስዳ ጢሜን ልታስላጨኝ ነው። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ያሳደግኩት ጢም ነው። ጥቁሩ ኮትም ይወልቃል። ሰው ሁሉ በቃ አሁን፣ ወደ ራስህ ተመለስ ይለኛል። አልፈርድባቸውም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ ለሐዘን የተሰጠኝ ጊዜ ነገ ያልቃል። የእኔ ሐዘን ግን አላለቀም ብርቄ። ናፍቀሽኛል። በጣም ናፍቀሽኛል።

ለልጃችን ስል ጢሜን እላጫለሁ፣ ጥቁሩንም አወልቃለሁ። ምሽት ላይ ግን ውሃዬን ይዤ ወደዚህ በረንዳ እወጣለሁ፤ ዘርሽን ክረምት በወጣ ቁጥር እዘራዋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ ስምሽን እየጠራሁ አጠጣዋለሁ። የሚያየኝ ሰው ሽማግሌው ቲማቲም ያጠጣል ይላል እንጂ ያለቅሳል አይልም። ስለዚህ ማንም በቃህ አይለኝም።

ያንቺው
ታዴ