ወንዝ የተሻገረው ወፍጮ

መስከረም 27

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ፖስተኛው ስላረፈደ ሰዓቱን እያየሁ ነበር። ካርቶኑን በመቀስ ከፈትኩት። አዲስ መጽሐፍ፣ ቀለምና ሙጫ የሚሸት። ሽፋኑ ላይ የአንድ የእንግሊዝ አውራጃ፣ የአንድ ካውንቲ አሮጌ ካርታ፣ ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት በመዳብ ተቀርጾ የታተመው። የካውንቲውን ስም እዚህ አልጽፍም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ አንገሽግሾኛል።

ከካርታው ሥር፦ «ጥናትና መግቢያ በአላስተር ኦልድክሮፍት»።

አለቃዬ። የምሠራበት የጥንታዊ ካርታዎች ሱቅ ባለቤት።

ገጽ አምስትን ገለጥኩ። የእኔ ዐረፍተ ነገር። ገጽ ስድስት... የእኔ። አርባ አንድ ገጽ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። ራሴን ያገኘሁት ምስጋናው ላይ ነው። «ለደስተኛዋ ረዳታችን ለኤትሲ፣ ለትዕግሥቷና ለሻይዋ።»

ስሜ ዕፀገነት ዳኛቸው ነው። ሻይ አፍልቼለት አላውቅም።

ሳሚር፣ የሱቁ ፎቶ አንሺ፣ በትከሻዬ ላይ አንብቦ ጮኸ። «ሲስ፣ ይሄ ያንቺ አይደል እንዴ? ሰውዬው ኮፒ ፔስት አደረገሽ!»

እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ከዚህ የተሻለ አማርኛ አላስፈለገውም።

መስከረም 28

ጠየቅሁት። ቆሜ። እሱ ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውላል።

«ኤትሲ፣ የጻፍሽው ለሱቁ ነው። የሱቁ ድምፅ ደግሞ የእኔ ድምፅ ነው።»

«የፈረምኩት ካታሎግ ልጽፍ ነው። ይሄ ካታሎግ ነው?»

«ስምሽ አለ እኮ። ምስጋናው ላይ።»

ስሜ! ሃምሳ ዓመት ካርታ የሸጠ፣ አንድም ቀን ጭቃ ያልረገጠ ሰው። ላቲን አያነብም፤ ደንበኛ ሲያየው ግን ያነባል። ገጽ ይገልጣል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ «እህ» ይላል። ሁለት ዓመት ይህን «እህ» እንደ ዕውቀት የቆጠርኩት እኔ... ማን ነው ታዲያ ሞኙ?

ጥቅምት 2

የእኔ የሆነውን እንዳልረሳ ልጻፈው።

ቶቢያስ ግሪም የሚባል ቀያሽ ካውንቲውን ባለ ቆጣሪ ጎማ እየገፋ ሦስት ክረምት ለካው። ካርታው ሳይታተም ለመግዛት የፈረመ ጌታ ሁሉ ቤቱ ከነስሙ ተቀረጸለት። ያልፈረመው ጥቁር ነጥብ ብቻ። የሚገርመኝ ይሄ አይደለም። የሚገርመኝ፣ ግሪም ሲሞት የመዳቡን ሰሌዳ የወሰደው አሳታሚ የእሱን ስም ፍቆ የራሱን መቅረጹ ነው። ከታች «አዲስ ቅየሳ» ብሎ። ወረቀቱ ላይ መብራት ከጎን ሲበራበት የቀድሞዎቹ ፊደላት እግር እስከ ዛሬ ይታያል። ያየሁት እኔ ነኝ።

ወፍጮውም አለ። ግሪም በትኩሳት ላይ ሆኖ አንድ ወፍጮ ከወንዙ ማዶ አስቀመጠ። በኋላ በመስክ ደብተሩ አርሞታል፦ «ወፍጮው በስተምሥራቅ ነው፤ ታምሜ ነበር።» መዳቡ ግን ተቀርጿል። ከዚያ ስልሳ ዓመት፣ አራት አሳታሚ፣ ሁሉም «አዲስ ቅየሳ»... ሁሉም ጋ ወፍጮው ወንዙን ተሻግሮ በስተምዕራብ ቆሟል። አንዳቸውም ሄደው አላዩም።

«ስህተት የሌባ ፊርማ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ በእሱ ስም ታትሟል። አላፈረም? ምን እንደሚል እንኳ አልገባውም ይሆናል።

ጥቅምት 6

ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል። ለዶክትሬት አፕላይ ሳደርግ ይህንኑ መግቢያ ናሙና አድርጌ ልኬ ነበር። «ያቀረቡት ጽሑፍ ከአቶ ኦልድክሮፍት የታተመ ሥራ ጋር ቃል በቃል ይመሳሰላል። እስከ ኖቬምበር 19 ማብራሪያ ካልሰጡ ማመልከቻዎ ይሰረዛል።»

ሌባዋ እኔ ሆንኩ።

ፋይሉን የጻፍኩት በሱቁ ኮምፒውተር ነው። የፋይሉ ባለቤት ስም «ኦልድክሮፍት» ይላል። ዛሬ ልከፍተው ስል የይለፍ ቃሌ ተቀይሯል።

ጥቅምት 7

እማዬ፦ «ካለቃ ጋር አይጣሉም። ዝም በይና ሥራሽን ያዢ።»

«ዝም ካልኩ እኮ ሌባ ነኝ ማለት ነው።»

«እግዜር ያውቅልሻል።»

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እግዜርን ማስረጃ አይጠይቅም። ይህን አላልኳትም። ሳህን አጠብኩ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሃርልስደን፣ ጋሽ ተክለአብ ቤት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ካርታ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ቀያሽ ነበሩ፤ ጦር ያልደረሰበት ገደል ቴዎዶላይት፣ የማዕዘን መለኪያቸውን ተሸክመው ገብተዋል። እዚህ ጡረታ እስኪወጡ 18 ቁጥር አውቶቡስ ነዱ።

መጽሐፉን ሰጠኋቸው። አጉሊ መነጽራቸውን አወጡና ቀጥታ ወደ ግርጌ ማስታወሻዎቹ።

«ጋሼ፣ መግቢያውን አያዩም?»

«ቀያሽ ካርታ ሲሰጠው ጠርዙን ነው መጀመሪያ የሚያየው። መሃሉን ማንም ያሳምረዋል።» ገጽ። ሌላ ገጽ። «ይሄ የግሪም ደብተር መቼ ተገኘ ያልሽኝ?»

«በፈረንጅ 2022። ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ወጥቶ ለካውንቲው ቤተ መዛግብት ተሰጠ።»

«እንግዲያው ይሄ ሰውዬ በ2016 ማርች 12 የት ሆኖ አነበበው? ጣሪያው ሥር ተኝቶ?»

መጽሐፉን ነጠቅኋቸው። «የመስክ ደብተሩ የታየው፦ 12 ማርች 2016»።

12/3/2016...

ኅዳር 12 እኮ ነው! በእኛ 2016። የኅዳር ሚካኤል ዕለት። እማዬ በር ላይ ቆማ «በሚካኤል ቀን የሞተ ሰው ደብተር ልታገላብጪ?» ያለችኝ ቀን። በአሥራ አራት ዓመቴ ለንደን ስገባ ጀምሮ የግል ማስታወሻዬን በእኛ ቀን ነው የምይዘው። ከደብተሬ ወደ እንግሊዝኛው ሳሻግር ሳልቀይረው አመለጠኝ። እሱ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ቃል «አሳመረው»። በአርባ አንድ ገጽ ውስጥ የሠራው ሥራ ይሄ ብቻ ነው!

ጋሽ ተክለአብ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ ሰምቶ፣ ሞፈሩን ቆርጦ መጥረቢያውን ትቶ ሄደ።»

ለካ እኔም ወፍጮ አለኝ።

ጥቅምት 11

ቤተ መዛግብቱ ደወልኩ። አንባቢዎችን የምታስተናግደው ሚስ ሆልት መዝገቧን አየች። ኖቬምበር 22፣ 2023፣ ያው ኅዳር 12፣ የእኔ ፊርማ። የኦልድክሮፍት ስም? የለም። የአንባቢ ካርድ እንኳ የለውም። እግሩ ደርሶ አያውቅም።

ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ነው። ግን ምን ያደርጋል? ደብዳቤው ማየቴን ያረጋግጣል፤ መጻፌን አያረጋግጥም። «የላክኋት እኔ ነኝ» ይላል፣ ያልቃል። ከራሱ አፍ መውጣት አለበት።

ኅዳር 4 ለካርታ ወዳጆች ማኅበር ስለ መጽሐፉ ንግግር ያደርጋል። ሚስ ሆልትም ተጋብዛለች።

ኅዳር 4

ኮቴን ሳላወልቅ እየጻፍኩ ነው።

ሰባ ሰው ይሆናል። የእኔን ዐረፍተ ነገሮች በዚያ በወፍራም ድምፁ አነበበ። ወፍጮው ላይ ሲደርስ አዳራሹ ሳቀ። የእኔ ቀልድ ነበር፤ ጥሩ ቀልድ ነው። ሳሚር ጥግ ላይ ይቀርጻል። እንዲቀረጽ ያዘዘው ራሱ ኦልድክሮፍት ነው።

ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ።

«ኤትሲ! እንዴት ደስ ይላል።»

«የግሪምን ደብተር ያዩት ራስዎ ነዎት?»

«እንዴታ።»

«መቼ?»

«ቀኑ ግርጌ ማስታወሻው ላይ አለ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሚስ ሆልት ተነሣች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። «ይቅርታ፣ ደብተሩ በ2016 እኛ ዘንድ አልነበረም። ማንም ዘንድ አልነበረም። እርስዎ ደግሞ አንባቢያችን ሆነው አያውቁም።»

ጆሮው ሲቀላ ከኋላ ወንበር ታየኝ።

ከዚያ አለው። ራሱ። ማንም ሳይገፋው። «የትየባ ስህተት ነው! ኤትሲ ናት። መግቢያውን ስትጽፍ ቀኑን ተሳስታለች።»

ስትጽፍ።

ምን እንዳለ አልገባውም። ከፊት የተቀመጡት አሮጊት ግን ገባቸው፤ ዞረው አዩኝ።

«አዎ» አልኩ። «ስህተቱ የእኔ ነው። ኅዳር 12፣ 2016፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። መነሻ ደብተሬ ይኸው። እርስዎስ፣ የእርስዎ ስህተት የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

ሳሚር ሌንሱን አላወረደም።

ኅዳር 5

ቪዲዮውን፣ የሚስ ሆልትን ደብዳቤ፣ የደብተሬን ገጽ ለዩኒቨርሲቲው ላክሁ። ሦስት መስመር ብቻ ጻፍኩ። አልለመንኩም።

ኅዳር 7

ከኦልድክሮፍት ደብዳቤ፣ በወፍራም ወረቀት። በሁለተኛው እትም «በኤትሲ እገዛ» የሚል ይገባል። ሰኞ እንደተለመደው ይጠብቀኛል። «ሁላችንም ተናደን ነበር።»

ሁላችን?

ሳሚር ደወለ። «ሪዛይን ልታደርጊ ነው አይደል? ዴስክሽ ላይ ያለውን ካክተስ ልውሰድልሽ?»

«ውሰደው።»

ኅዳር 12

ሚካኤል። ጠዋት ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ የሁለት ዓመት ቂሟን ላብርድ ብዬ። ስልኬ ቅዳሴ መሃል ተንቀጠቀጠ። ደጀ ሰላሙ ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ጉዳዩ ተዘግቷል። ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ተቀብለዋል። ጃንዋሪ ላይ ለቃለ መጠይቅ እቀርባለሁ።

እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች «ምን አሉ?» አለች።

«የእኔ ነው አሉ።»

«ድሮስ የማን ነበር?» ...እሷ እኮ ናት ዝም በይ ያለችኝ!

ወደ ቤት፣ ወደ ሰቨን ሲስተርስ ስመለስ በሱቁ በኩል ዞሬ አለፍኩ። መጽሐፉ መስኮቱ ላይ እንደቆመ ነው። ስሙም እንደተጻፈ ነው። ያፍራል ብዬ አልጠበቅሁም። ራሴን ከግሪም ጋር አላስተካክልም፤ እሱ ሞቶ ነው ስሙን የፋቁት። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሥራውን ባለፈው ሰኞ ለቅቄአለሁ። አንድ መስመር፣ በሙሉ ስሜ።

ከእንግዲህ ስሜ ያልተጻፈበት ገጽ ከእጄ አይወጣም። በምስጋና አልደለልም። «እገዛ» የሚል ቃል አልቀበልም። ቀኔንም ለማንም ምቾት ብዬ አልለውጥም። እንዲቀልላቸው ብዬ «ኤትሲ በሉኝ» ያልኩት በመጀመሪያው ቀን ራሴ ነበርኩ፤ ይህንንም ለራሴ አልደብቅም። ያ አብቅቷል።

ዕፀገነት ነኝ። መጥራት ያቃተው አይጥራኝ።