ስለ ሠላሳ ሰባቱ ወንበሮችና ስለ ጥቁር ውሃ ድልድይ

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና ሾፌርዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው በድፍረት ሳይሆን፣ በታደሰው የምክር ቤት አዳራሽ የተደረደሩት ሠላሳ ሰባት ተሽከርካሪ ወንበሮች የተገዙት ለተሰብሳቢው ወገብ ታስቦ መሆኑን በሪፖርትዎ ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ ስላነበብኩ ነው። እኔም የምክር ቤቱ ብቸኛ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ እንደመሆኔ ከወንበሮቹ አንዱ ደርሶኛል፤ ተቀምጬበታለሁ፤ አልዋሽም፣ ይመቻል። የወረዳችንን ስም ከራስጌው ያስቀረሁት ደግሞ ረስቼ ሳይሆን ለስሟ አዝኜላት ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ ያለ ሰው ሁሉ ሊያነበው ስለሚችል፣ ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። የአፋፍ ማርያምን ቀበሌ ከመኪና መንገድ የሚለያት ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው። አምቡላንስ የሚመጣው እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ከመንደር እስከ ወንዙ ያለውን የሁለት ሰዓት ቁልቁለት በሽተኛው የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። ለዚህም የቃሬዛ ማኅበር አለን። እያንዳንዱ ቤት በተራው አንድ ሰው ይሰጣል፤ አራት አራት ሆነው እየተቀያየሩ ለአንድ ጉዞ ዐሥራ ስድስት ሰው ይወጣል፤ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሕዝብ ፊት ስሙ ይጠራል። በበጋ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን ውሃው ሲሞላ ቃሬዛውን አውርዶ ቁጭ ማለት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራ በጀት ጸድቆ፣ ችካል ተቸክሎ፣ ሕዝቡም ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ክፍያ ድንጋይና አሸዋ አጋዘ። ድንጋዩ ዛሬም ከወንዙ ዳር ተቆልሎ ይገኛል። የጠፋው ገንዘቡ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሕዝብን ስለማማከርዎ አመሰግናለሁ። መጋቢት 21 ቀን የማርያም ዕለት ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቀው በግቢው ዋርካ ሥር መሰብሰብዎን፣ ስለ ተፋሰስ ሥራ ለአንድ ሰዓት ተኩል መናገርዎንና በመጨረሻም ለምርጥ ዘር ስርጭት የተገኘ ሰው ይመዝገብ ተብሎ አንድ ወረቀት መዞሩን ያስታውሳሉ። መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ከፊሉ ፈርሞ ከፊሉ አውራ ጣቱን አትሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ወረቀት ሚያዝያ 27 ቀን ምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ፣ የአፋፍ ማርያም ሕዝብ የድልድዩ በጀት ለአዳራሽ እድሳት እንዲዛወር በገዛ ፈቃዱ የተስማማበት ቃለ ጉባኤ ሆኖ አገኘሁት። ዘር የተባለው ወንበር ሆኖ በቀለ። ሠላሳ ስድስት እጅ ወጣ፤ በአንድ ተቃውሞም ጸደቀ። ተገኝቶ መስማት ማለት መስማማት ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ የተገኘና የፈረመ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል ብለው ከመድረኩ በራስዎ አንደበት መልሰውልኛል። ይህን መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አስደርጌያለሁና እባክዎን አይርሱብኝ።

ወረቀቱን ልየው ብዬ መለመኔንም ያስታውሳሉ። ከረፍት በፊት አምስት ደቂቃ ተፈቀደልኝ። በተራ ቁጥር ዐርባ አንድ ላይ የቅኔው መምህራችን የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ፊርማ አለ፤ ከፊርማቸውም ጎን በዚያ ባማረ የብዕር ጽሕፈታቸው በግእዝ «ሰማዕኩ ወኢአመንኩ» የሚል ሰፍሯል። ሰማሁ፣ ግን አላመንኩም ማለታቸው ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ይህንኑ ወረቀት በሦስት ማኅተም አስጊጦ የሕዝብ ስምምነት ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርብ አንድም ሰው አላነበበውም። ማስረጃችሁን ራሳችሁ ስለማታነቡ ተቃዋሚን ከብዙ ድካም አድናችሁታልና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። በገጽ ዐሥራ አራት ላይ የጥቁር ውሃ ድልድይ ስልሳ በመቶ መድረሱ ተጽፏል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለድሮ ሰው ነበር፤ ያችን ላም እንኳ ስልሳ በመቶ አልቤያታለሁ ያለ አልነበረም። ስልሳ በመቶው ሕዝቡ ተሸክሞ ያጋዘው ድንጋይ መሆኑን የነገሩኝ የፕላን ባለሙያዎ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ልጆች አሏቸው። ስለዚህ ሕዝቡ ድንጋዩን ሰጠ፣ እናንተ ገንዘቡን ወሰዳችሁ፣ በሪፖርቱ ላይ ግን ሠሪዎቹ እናንተ ሆናችሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ባለጌ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው ጨዋ ኖሯል፤ ቢያንስ መብላቱን መብላት ብሎታል።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ብሞክርም አልወጣልኝም።

የትናየት የምትባል የአፋፍ ማርያም ሴት አለች። አምና ሐምሌ መጨረሻ ምጥ ጠንቶባት ዐሥራ ስድስት ሰው ተሸክሟት ሲወርድ ወንዙ ሞልቶ ደረሰ። ከማዶ አምቡላንሱ ቆሟል፤ የአምቡላንሱ ሾፌር መብራቱን እያበራ ያሳያቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ውሃ ስፋቱ ከአዳራሽዎ ርዝመት አይበልጥም። ከቀትር በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ ከዳር ተቀምጠው ጠበቁ። እሷ ተረፈች፤ ልጁን እዚያው ከወንዙ ዳር በነጠላዋ ጠቀለሉት። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ምሳው ይህን መጋቢት 21 ቀን እርስዎ ፊት ቆመው ተናግረዋል፤ የክረምቱን የተሸካሚ ተራም እዚያው አንብበዋል፤ እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ ሰምተዋቸዋል።

ዘንድሮም የትናየት ነፍሰ ጡር ናት። ወሯ ሐምሌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝታኝ ስለ በጀት ዝውውር አልጠየቀችኝም። «ጋሼ ዓለምነህ፣ እርስዎ ከነሱ ጋር ስለሚቀመጡ ያውቃሉ፤ ዘንድሮስ ከወንዙ ወዲያ ነኝ ወይስ ወዲህ?» አለችኝ። ከነሱ ጋር ስለሚቀመጡ ያለችው እውነት ነው። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዞሬበታለሁ፤ ምቾቱንም ከላይ ጽፌያለሁ። ከገበያው ወደ ቤቴ ስሄድ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ንጹሕ ነገር ነው። የተሰማኝ መጸየፍ ነው። እናንተን ተጸየፍኩ፤ ከእናንተ ጋር የጠጣሁት የስብሰባ ለስላሳ አንገሸገሸኝ፤ ወንበሩንም እንዳስታወስኩት ሰውነቴን አሳከከኝ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በስብሰባ ላይ የምገኘው ከቤቴ ባመጣሁት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጬ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። የኔ ድርሻ የሆነው ወንበር ተሽጦ ለድልድዩ አንድ ዘለላ የብረት ገመድ እንዲገዛበት እለምናለሁ፤ የቀሩት ሠላሳ ስድስቱ ለባለቤቶቻቸው ኅሊና ይተዋሉ።

ክረምት ሊገባ የቀረን ጥቂት ሳምንት ነው። ችካሉ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ሕዝቡም አለ። ገንዘቡን ወደ ቦታው ይመልሱልን ዘንድ፣ ስሜን ለማየት የማይፈልጉ እንኳ ቢሆን ስለ የትናየት ሲሉ እለምናለሁ።

የክቡርነትዎ ትዕግሥት ለእኔ፣ የወንዙም ትዕግሥት ለእርስዎ እንዳያልቅ እየጸለይኩ፣ ከበርጩማዬ ላይ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ዓለምነህ ዘበነ
የምክር ቤቱ አንድ ተቃውሞ

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ (የሚያነብ ሰው እንዲኖር)
ለአፋፍ ማርያም የቃሬዛ ማኅበር

ማሳሰቢያ፦ የመጋቢት 21 ቀኑን ወረቀት ሳገላብጥ በተራ ቁጥር አንድ ላይ የተቀመጠው የእርስዎ የራስዎ ፊርማ መሆኑን አየሁ፤ ምናልባት ለውሎ አበል ይሆናል። አቶ ምሳው የክረምቱን ተራ ሲያነቡ እርስዎ እዚያው ተገኝተዋል፣ ሰምተዋል፣ ፈርመዋልም፤ የተገኘና የፈረመ ደግሞ እንደተስማማ ይቆጠራል። ማኅበሩም ይህንኑ ሕግዎን አክብሮ ባለፈው እሑድ በአባልነት መዝግቦዎታል። ተራዎ ከሐምሌ 20 እስከ 26 ነው፤ ቦታዎ የቃሬዛው የፊት ግራ ነው፤ መውረጃው ስለሚያንሸራትት ቆዳ ጫማ አይመከርም። ቢቀሩ ቅጣቱ ገንዘብ አይደለም። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስምዎ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ በልማዳችን «አልመጣም» ብሎ የሚመልሰው በዚያ ሳምንት ቃሬዛው ላይ የነበረው በሽተኛ ነው። ያ በሽተኛ መናገር ካልቻለ ግን ማንም አይመልስም፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ ቆሞ መልሱን ይጠብቃል።